ቀይ ፋኖስ የያዘው ዓሣ



ስለ ፍጥረት ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው ዓይናችን የሚያየውን፣ ተራራውንና ወንዙን ነው። ዛሬ ግን ዓይናችን ወደማያየው ወደ ጥልቁ ባሕር እንውረድ።

የፀሐይ ብርሃን ከባሕሩ ገጽ 200 ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ ለዕፅዋት ምግብ መሥሪያ አይበቃም፤ ከ1,000 ሜትር በታች ደግሞ ጨርሶ አይደርስም። ቀይ ብርሃን በውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚጠፋ በጥልቁ የሚኖሩት አብዛኞቹ እንስሳት ሰማያዊን እንጂ ቀይን አያዩም።

በአትላንቲክ፣ በህንድና በሰላማዊ ውቅያኖሶች ጥልቅ ውስጥ ማላኮስቴየስ ኒጀር የተባለ፣ ከዘንዶ ዓሦች ወገን የሆነ ጥቁር ዓሣ ይኖራል። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም። መንጋጋው ረጅም፣ ጥርሱም እንደ መርፌ የሾለ ነው። በታችኛው መንጋጋው መካከል ቆዳ ስለሌለ አፉ ወለል እንደሌለው ቤት ነው። ከዓይኑ ሥር ቀይ ብርሃን የሚሰጥ አካል አለው። በዚህ ብርሃን እርሱ ሌሎቹን ያያል፤ አብዛኞቹ ግን ብርሃኑን አያዩበትም።

ታዲያ እርሱ ራሱ ቀዩን እንዴት አየ? ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳስታወቁት፣ በዓይኑ ውስጥ ከክሎሮፊል፣ ማለትም ከቅጠል አረንጓዴ ቀለም፣ የተገኘ ንጥረ ነገር አለ። ዓሣ ደግሞ ክሎሮፊል አይሠራም። ነገር ግን ሆዱ ሲመረመር፣ ያ ሁሉ ጥርስ እያለው፣ በብዛት የሚገኙበት ኮፔፖድ የተባሉ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። አረንጓዴው ቀለም በባሕሩ ገጽ ፀሐይ ከምታገኛቸው ደቂቅ ዕፅዋት ተነሥቶ፣ በእነዚህ እንስሳት በኩል እስከ ዓሣው ዓይን እንደሚደርስ ይታመናል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ዓሣው በጨለማ ይኖራል፤ የሚያይበት ነገር ግን መነሻው የላይኛው ብርሃን ነው። እኛም ጥቂት ስንማር፣ ሥራም ስንይዝ፣ የራሳችን ፋኖስ የበቃን ይመስለንና ከጉባኤ እንቀራለን። ፊደል ያስቆጠሩንን የኔታን፣ እጃችንን ይዘው ቤተ ክርስቲያን የወሰዱንን እናቶቻችንን፣ ከሁሉም በላይ የብርሃንን ጌታ እንዘነጋለን። ዛሬ የሚያበራልን ግን ያኔ በጥቂት በጥቂቱ የጎረስነው ነው።

ስለዚህ ከጉባኤ የቀረ ጓደኛ ያለን ሁሉ፣ ለመጪው እሑድ ሳንወቅስ ሄደን እንጥራው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።