ማምቦው ተቀምጠሽ እንዳያገኝሽ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ። ቲኬቱን ቆርጠሻል፣ ጎሽ! እንዲህ ያለ የኩባ ባንድ፣ ከነሙሉ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ፣ በየሳምንቱ ደጃችን አይመጣም። በይ ቀሚስሽን እየመረጥሽ ጆሮሽን ወዲህ አድርጊ፣ ጥቂት ልንገርሽ።

መጀመሪያ ጫማ። ያን ቀጭን ተረከዝ ወደ ቦታው መልሺው። አጠር ያለ፣ ረገጥ የሚያደርግ ተረከዝና ቁርጭምጭሚትሽን የሚይዝ ማሰሪያ ያለው ይሁን፤ ሶሉም ቆዳ ቢሆን ጥሩ ነው። የስፖርት ጫማም ተይ። ጎማው ወለሉን ሙጭጭ ብሎ ይይዝና አንቺ ስትዞሪ እግርሽ እዚያው ይቀራል፣ ጣጣው ለጉልበትሽ ነው። ልብሱ ላብ የሚመጥ ጥጥ ይሁን። ራትሽን ቀለል አድርገሽ ብዪ፣ ክትፎው ለነገ ይቆይ።

ቦታ ስትይዢ ደግሞ ከመድረኩ ሥር ካልቆምኩ ብለሽ አትጋፊ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ትራምፔቶቹ ፊት ለፊት ተገትሬ አመሸሁና ፒያኖውንም ኮንጋ የሚሉትን ከበሮም ሳልሰማ ወጣሁ፤ ጆሮዬም እስከ ማግስቱ ሲጮህ ዋለ። ትራምፔት ድምፁን የሚወረውረው አፉ ወደዞረበት ነው። አንቺ መሐል፣ የድምፅ ባለሙያው ካለበት አጠገብ ቁሚ፤ እሱ ድምፁን የሚያመዛዝነው እዚያ ሆኖ በሚሰማው ነው። የጆሮ መድፈኛም ቦርሳሽ ውስጥ ጣል አድርጊ፣ እታለም።

አሁን ዋናውን ስሚ። እኛ በግጥም ያደግን ሰዎች ነን። ሰሙን ወርቁን እንፈልጋለን፤ ዘፋኙ ዝም ካለ “በይ ውኃ ልግዛ” ብለን እንነሳለን። ማምቦ ላይ እንዲህ ያደረግሽ እንደሆን የመጣሽበት ነገር አመለጠሽ! ነገሩ የሚጀመረው ዘፋኙ ሲያበቃ ነው። ሳክስፎኖቹ አንዲት አጭር ሐረግ ይይዙና ይደጋግሟታል። ትሮምቦኖቹ ሌላ ይዘው ከሥር ይገባሉ። ሁሉም ሲጠላለፍ ትራምፔቶቹ ከላይ ይወርዱበታል። ይኸው ነው ማምቦ። ስሙ ግን የመጣው ከአንድ ዜማ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. ኦሬስቴስ ሎፔዝ የሚባል ኩባዊ “ማምቦ” የተሰኘ ዳንሶን ደረሰ፤ ዳንሶን ያን ጊዜ በዋሽንትና በቫዮሊን የሚጫወት የጨዋ ጭፈራ ነበር። እሱና ቤዝ ተጫዋቹ ወንድሙ ካቻኦ የዚያን ዳንሶን መጨረሻ ለቀቅ አደረጉት፣ ምቱ እየተደጋገመ እንዲግል። ነሐሱ፣ ትራምፔትና ትሮምቦኑ ማለቴ ነው፣ በኋላ የተጨመረ ነው። የማታንሳሱ ልጅ ፔሬዝ ፕራዶ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሜክሲኮ ገብቶ ሳክስፎኑን ዝቅ፣ ትራምፔቱን እጅግ ከፍ አድርጎ አጋጠማቸውና ዓለምን አስጨፈረ።

እና ዘፋኙ ማይኩን ዝቅ ሲያደርግ ያን ጊዜ ብርጭቆሽን አስቀምጪ።

ኖታ አላውቅም፣ አይገባኝም እንዳትዪኝ ደግሞ። ከፕራዶ ጋር ሜክሲኮ ይዘፍን የነበረው ቤኒ ሞሬ ኖታ ማንበብ አያውቅም ነበር። አገሩ ተመልሶ በ1953 “ግዙፍ ባንድ” ብሎ የሰየመውን ኦርኬስትራ ሲያቋቁም የሚፈልገውን ለሙዚቀኞቹ በአፉ እየዘፈነ ያስረዳቸው ነበር። አንቺም ጆሮ አለሽ።

ጆሮሽን ግን ከታች አስጀምሪው። ነሐሱ ራሱ ይመጣልሻል፣ አትፈልጊው። መጀመሪያ ኮንጋውን ያዢ። ከዚያ ቤዙን፤ ቤዝ እዚህ “አንድ” ላይ አይወርድም፣ አራተኛው ምት ላይ ቀድሞ ገብቶ አንድን ዘሎት ያልፋል። ለዚህ ነው ወለሉ ከእግርሽ ሥር የሸሸ የሚመስልሽ። የሁሉም ማሰሪያ ክላቬ ነው፦ አምስት ምት፣ ሦስትና ሁለት ሆና የምትከፈል። ጧ… ጧ… ጧ፣ ጧ ጧ። አንዳንዴ ሁለቱ ቀዳሚ፣ ሦስቱ ተከታይ ይሆናሉ። በሁለት እንጨት የሚመታት ሰው ባይኖር እንኳ ሁሉም በልቡ ይዟታል። እስቲ ጠረጴዛው ላይ በጣትሽ ሞክሪያት… አይ፣ ሦስተኛዋን ትንሽ አዘግዪያት። አዎ፣ እንደሱ!

ጭብጨባ ላይ ግን ረጋ በይልኝ። የኛ ችክችካ በስድስት ነው የሚቆጠረው፣ ይሄ በአራት ነው፤ ትከሻሽ ወደለመደው ሊጎትትሽ ይሞክራል። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለመሻገር ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ የቀዳቸውን አፍሮ ላቲን ሶል አልበሞች ዛሬ ከሰዓት አድምጪ። የኛው ልጅ ያን በር ቀድሞ ከፍቶልሻል። በደርግ ጊዜ በልጅነታቸው ኩባ ሄደው ከተማሩት፣ ኢትዮ-ኩባ ከምንላቸው፣ የምታውቂው ሰው ካለም ይዘሽ ሂጂ። ስፓኒሹን ይተረጉምልሻል፤ ካልተሳሳትኩ መጀመሪያ ለጭፈራ የሚነሳውም እሱ ነው።

እርምጃው ቀላል ነው፣ ሆዴ። “አንድ” ላይ ቁሚ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ላይ እርገጪ። አጭር አጭር እርምጃ ይሁን፣ ሰፊ እርምጃ ሰው ያስረግጥሻል። እንግዳ ነኝ ብለሽ ግድግዳ እንዳትይዢ። በ1950ዎቹ ኒው ዮርክ፣ ብሮድዌይና 53ኛው መንገድ ጥግ ፓላዲየም የሚባል የጭፈራ አዳራሽ ነበር፤ የማቺቶና የቲቶ ፑንቴ ኦርኬስትራዎች የነገሡበት። ሰው በቀለሙ በሚለይበት በዚያ ዘመን ጥቁሩ፣ ፖርቶ ሪካዊው፣ አይሁዳዊው፣ ጣሊያኑ አንድ ወለል ላይ ይጨፍሩ ነበር። ማምቦ ከጥንትም የሚጠይቅሽ ምቱን እንጂ አገርሽን አይደለም።

እንጨፍር የሚል ቢመጣ ደስ ካለሽ ሂጂ፣ ካላለሽ “አመሰግናለሁ” በቂ ነው፤ ምክንያት አትደርድሪ። እጁ የሚያበዛውን ዘፈኑ መሐል ትተሽ ውጪ፣ ይሉኝታ የሚሉትን እዚያ አልፈልግም። መጠጥሽን ካስቀመጥሽበት መልሰሽ አታንሺ፣ ሌላ ግዢ። ስልክሽንም አንድ ዘፈን ቅጂበትና ቦርሳ ውስጥ ክተቺው።

መመለሻሽ ታክሲ ይሁን፣ ብቻሽንም አትምጪ። እኔ እንደሆንኩ አልተኛም። ደወሉን ትተሽ በሩን በጣትሽ አንኳኪ፣ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። ሦስተኛዋን ካዘገየሻት አንቺ መሆንሽን አውቄ እከፍትልሻለሁ።