የአልጋ ልብስ ክፈፍ በመሐል ይለካል

ከጨርቅ ቁርጥራጭ የተሰፋ የአልጋ ልብስ፣ ክፈፍ ከገባለት በኋላ ዳሩ የሚሸበሸበው ለምንድን ነው? ነጠላ ላይ ይህ ችግር የለም። ሸማኔው ጥለቱን የሚያስገባው እዚያው ነጠላው ድር ላይ ስለሆነ የጥለቱ ርዝመትና የነጠላው ወርድ አይለያዩም። የአልጋ ልብስ ክፈፍ ግን ተለይቶ ተቆርጦ ይመጣል። የልብሱ ዳር ስናገላብጠው ተስቦ ይረዝማል፤ መሐሉ በስፌቶቹ ተይዞ ልኩን ይጠብቃል። ክፈፉ በረዘመው ዳር ልክ ከተቆረጠ ይተርፍና ይሸበሸባል፤ ስለዚህ የምንለካው በመሐል ነው።

1. ጨርቁን ማዘጋጀት። አቡጀዲ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። እዚህ ራያ ቆላ፣ ዋጃ፣ ፀሐዩ ቶሎ ያደርቀዋል፤ ባለ ቀለሙን ግን ጥላ ላይ አስጡት። ከዚያ ተኩሱት።

2. መለካት። ልብሱን ሳትስቡ ሰሌን ላይ ዘርጉት። ግራ ዳሩ 183፣ ቀኝ ዳሩ 182፣ መሐሉ 180 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የምንይዘው 180ን ነው።

3. መቁረጥ። 12 ሳንቲ እንዲታይ ከፈለግን ወርዱን 14 እንቆርጣለን፤ በሁለቱም በኩል አንዳንድ ሳንቲ ለስፌት ይሄዳል። ርዝመታቸው 180 የሆነ ሁለት ቁራጮች በድሩ አቅጣጫ ቁረጡ፤ በዚያ በኩል ጨርቅ ብዙ አይሳብም።

4. ጎኖቹን መስፋት። ክፈፉንም የልብሱንም ዳር ለየብቻ ለአራት አጥፋችሁ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ምልክቱን ከምልክቱ አገናኝታችሁ በእስፒል ያዙ። የልብሱ ትርፍ በምልክቶቹ መካከል በእኩል ይከፋፈል። በመኪና ከሰፋችሁ ልብሱን ከታች አድርጉ፤ የመኪናው ጥርስ የታችኛውን ስለሚስብ ትርፉን ይሰበስበዋል።

5. ላይና ታች። ወርዱ 140 ከነበረ፣ ሁለት ጊዜ 14 ሲጨመርበት 168 ይሆናል፤ ለስፌት የሄደው 4 ሲቀነስ 164 ይቀራል። ሒሳቡን ብታውቁም አሁንም በመሐል ለኩ፤ የስፌት መስመር ትንሽ ወጣ ገባ ማለቱ አይቀርምና። ባገኛችሁት ልክ ሁለት ቁራጮች ቆርጣችሁ እንደ ጎኖቹ ስፉ።

6. ማረጋገጥ። ልብሱን ለአራት እጠፉት፤ ማዕዘኖቹ መገጣጠም አለባቸው። ካልተገጣጠሙ ገበሩ ሳይገባ የበለጠውን ጎን ፈትታችሁ መልሳችሁ ስፉ። ለራያ ቆላ ሙቀት ስስ ገበር፣ ያረጀ ነጠላም ቢሆን፣ ይበቃል። ስስ ገበር ግን የተሸበሸበ ክፈፍ አይደብቅም፤ እዚህ አገር ልኩን መጠበቅ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።