መጠጥ እርም ሲባል የሐኪም ድርሻ

በየዕለቱ አረቄ ወይም ቢራ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ እርም!» ሲል ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ደስታው ተገቢ ነው። ሆኖም ሰውነቱ መጠጥ የለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሕይወቱ ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በቆራጥነት ብቻ የሚታለፉ አይደሉም።

ምክንያቱ አንጎል ውስጥ ነው። አልኮል ጋባ የተባለውን የሚያረጋጋ ኬሚካል ያበረታል፤ ግሉታሜት የተባለውን የሚያነቃቃ ደግሞ ያዳክማል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ፍሬን እንደተያዘበት መኪና ነዳጁን አጥብቆ መርገጥ ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቀር ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ነዳጁ ግን እንደተረገጠ ይቆያል።

ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ጥቂት ሰዓታት እንዳለፉ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀናት ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፣ ቀኑንና ቦታውን ይስታል፣ ያተኩሰዋል። ይህ ዴሊሪየም ትሬመንስ ይባላል፤ ካልታከመ ሊገድል ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ መንፈራገጡን ሲያይ ልክፍት ነው ብሎ ክብሪት ጭሮ ያስሸትተዋል። የሚጠቅመው ሌላ ነው፦ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን ሕክምናውን ጎን ለጎን ይከታተል እንጂ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት ይሰጥና በቀናት ውስጥ መጠኑን እየቀነሰ ያቆመዋል። ይህን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ገዝቶ መውሰድ፣ በተለይ ከመጠጥ ጋር፣ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሌላው አስፈላጊ ነገር ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1 ነው። አዘውትሮ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ሊያልቅበት ይችላል፤ እጥረቱም አንጎልን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ቢ1 ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ሲሰቀል የቀረችውን ጥቂት ክምችት ሊያሟጥጥ ይችላል። ስለዚህ በየትኛውም ክሊኒክ «አቅም አንሶታል» ብቻ ብላችሁ ዝም አትበሉ። ምን ያህል ይጠጣ እንደነበር፣ መቼ እንዳቆመ፣ ከዚህ በፊት አንፈራግጦት እንደሆነ ሳትደብቁ ንገሩ።

እነዚህ ቀናት ካለፉ በኋላ ረጅሙ መንገድ ይጀመራል። የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፤ የምክር አገልግሎትም አለ። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እንደተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ባሉ ማኅበራት ያቆሙ ሰዎች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና የታወቀ ነው፤ በሌላ አካባቢ ያለ ሰው በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይጀምር። ወዳጅ ዘመድም በሠርጉና በድግሱ «አንዲት ብቻ ቅመስ» ከማለት ይታቀብ። ቢያገረሽበት እንኳ ስድብ ሳይሆን እንደገና ወደ ሐኪም የሚወስደው ሰው ያስፈልገዋል።

መጠጥ ለመተው የወሰናችሁ ሁሉ፣ ውሳኔያችሁ የሚያስከብር ነው። በየቀኑ አብዝታችሁ የምትጠጡ ከሆነ ግን ብቻችሁን በድንገት አታቁሙ፤ የምታቆሙበትን ቀን ከሐኪም ጋር ቁረጡ።