ኩበቱ ከማሳ ወደ ምድጃ እንዴት ሄደ? የማገዶና የቤት ጥራጊ ታሪክ

ማገዶና ጥራጊ የማይገናኙ ነገሮች ይመስላሉ። ማገዶ ሲጠፋ ግን ምድጃው ለማሳ የታሰበውን ይወስዳል። ከታሪኩ እንነሣ።

ቀድሞ ነገሥታቱ ከነሠራዊታቸው ሰፈር ይለውጡ ከነበረባቸው ምክንያቶች አንዱ የእንጨት ማለቅ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ከተቆረቆረች በኋላም በዙሪያዋ የነበረው ደን ቶሎ ተመናመነ። ዐፄ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋ ባለችበት እንድትቆይ ካደረጉት አንዱ በ1887 ዓ.ም ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው።

ገጠር ላይ ግን ደጋው ሲራቆት ብዙው ቤት ወደ ኩበት ዞረ። ከዚያ በፊት የበረት ፍግ፣ አመድና ጥራጊ መሄጃቸው ጓሮ ነበር። የጓሮው ጎመንና በቆሎ ከሩቁ ማሳ ይልቅ ለምን እንደሚያምር እናቶቻችን ያውቁታል፤ ባለሙያ አላስተማራቸውም።

ኩበት ሲነድ ምን ይጠፋል? ፖታሽየሙና ፎስፈረሱ በአብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራል። ናይትሮጅኑ ግን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። አፈሩ ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሽም አብሮ ይቃጠላል። በአንድ ባለ 50 ኪሎ የዩሪያ ከረጢት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ነው። ተበድረን የምንገዛው በጭስ የለቀቅነውን ነው ማለት ነው።

እንዲህም ሆኖ «ኩበት አታንድዱ» ብሎ መምከር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ እራቱ በምን ይበስላል? መጀመሪያ ማገዶውን መተካት ነው። በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ አርሶ አደሮች ዲከረንስ የተባለውን ግራር ከሰብል ጋር ያፈራርቃሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል። ዛፉ በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። ይህ ግራር በሥሩ ናይትሮጅን ለአፈሩ ያከማቻል፤ ባሕር ዛፍ ይህን አያደርግም። ዲከረንስ የደጋ ዛፍ ስለሆነ ቆላ ያላችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁን ሌላ ዝርያ ጠይቁ። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃም ከሦስት ጉልቻ ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። 4 እና ከዚያ በላይ ከብት ኖሮት ውኃ የሚቀርበው ባዮጋዝ ቢያስገባ ይሻለዋል፤ እሳቱንም ያገኛል፣ ዝቃጩም ለማሳው ይተርፋል።

ጥራጊው ራሱ ተለውጧል። የአያቶቻችን ጥራጊ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይበሰብስ ነበር፤ ዛሬ ፌስታልና የባትሪ ድንጋይ ገብቶበታል። ፌስታል የበላች ላም ሆዷ ተደፍኖ ልትሞት ትችላለች። የባትሪ ድንጋይም አፈር ይበክላል። ስለዚህ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ከመጨመራችሁ በፊት ለዩአቸው።

ጉድጓዱን ጥላ ሥር ቆፍሩ። ደረቁን ገለባ፣ እርጥቡን አረምና ፍጉን በየተራ ደርቡ፤ አመድ ጥቂት ይበቃል። እንጨት መሐሉ ድረስ ሰክታችሁ ከቆይታ በኋላ አውጡት፤ ሞቅ ብሎ እርጥበት ከያዘ ደኅና ነው፣ ደረቅ ከሆነ ውኃ አጠጡት። መስከረም ላይ አረሙ ሳይደርቅ የጀመረ፣ እያገላበጠ ከያዘው፣ በ3 ወይም በ4 ወር ያደርሰዋል።

ለሚቀጥለው ትምህርት እያንዳንዳችሁ በሳምንት ስንት ቅርጫት ኩበት ቤታችሁ እንደሚነድ ቆጥራችሁ ኑ። ባልም ሚስትም ይቁጠሩ።