የራቀ ወዳጅን መጠየቅ

ትምህርት 9፤ ንባብና ደብዳቤ መጻፍ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ከፈጸሙ በኋላ፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ የቆዩ ወዳጆች ስለ ኑሮና ስለ ቤተሰብ የሚጠያየቁበትን ልማድ ያብራራሉ፤ የወዳጅነት ደብዳቤንም ክፍሎቹን ጠብቀው ይጽፋሉ።

ሀ. ምንባብ

«ጠየቀ» የሚለው የአማርኛ ግስ ሁለት ዋና ዋና ፍችዎች አሉት። አንደኛው፣ ያላወቁትን ነገር ለማወቅ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የታመመን፣ ያዘነን፣ የወለደችን ወይም ከመንገድ የተመለሰን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ማየት ነው። «ጠያቂ የሌለው ሰው» ሲባል መልስ የሚፈልግበት ያጣ ማለት አይደለም፤ ደጁን የሚረግጥለት ወዳጅ የሌለው ማለት ነው። ሁለቱ ፍችዎች በአንድ ቃል መገናኘታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገሩ ልማድ ስለ ሰው ደኅንነት የሚያስብ ሰው ሄዶ ያያል፤ ሄዶ ማየት ያልቻለ ደግሞ በቃል ወይም በጽሑፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ለራቀ ወዳጅ የሚጻፍ ደብዳቤ በእግር የመሄድ ምትክ ነው።

የወዳጅ ሰላምታ በጅምላ አይቀርብም። «እንደምን ነህ?» ከተባለ በኋላ የእናት፣ የአባት፣ የእኅት፣ የወንድምና የልጆች ደኅንነት በየተራው ይጠየቃል። በገጠር ከዚህም አልፎ የከብቱና የአዝመራው ነገር ይነሣል። ልማዱን ለማያውቅ ሰው ይህ ጊዜ ማባከን ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ስም መጠራቱ፣ የተጠያቂው ቤተሰብ በጠያቂው ልብ ውስጥ አንድ በአንድ ተለይቶ መታሰቡን ያስረዳል።

ቀድሞ ወዳጆች በአገር ሲራራቁ መልእክታቸውን የሚልኩት በነጋዴ፣ በተሳላሚ ወይም በሌላ መንገደኛ እጅ ነበር። በኢትዮጵያ የፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አገሪቱም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ደብዳቤ በየቤቱ ስለማይታደል፣ የራሱ ፖስታ ሣጥን የሌለው ሰው በመሥሪያ ቤቱ ወይም በዘመዱ ሣጥን ቁጥር ይቀበል ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ በተበተኑ ጊዜ ደግሞ መንገደኛ ሲገኝ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ በካሴት የተቀዳ ድምፅ፣ በርበሬና ሽሮ አብረው ይላኩ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚላክ መልእክት በቅጽበት ይደርሳል። መንገዱ ቢለወጥም የመጠያየቁ ቁም ነገር አልተለወጠም።

በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የመርዶ ነገር ነው። በአገሩ ሥርዓት የቅርብ ሰው ሞት በድንገት አይነገርም። ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶችና ወዳጆች ተሰብስበው ብዙውን ጊዜ ማለዳ ላይ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳሉ፤ በዚያም ተቀምጠው ይነግሩታል፤ አብረውትም ያለቅሳሉ። የሥርዓቱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ማንም ሰው ሐዘኑን ብቻውን እንዳይቀበል ነው። በውጭ አገር ለሚኖር ሰው ግን ይህን ማድረግ ይከብዳል። በዚህም የተነሣ ብዙ ቤተሰቦች ክፉውን ነገር ሁሉ ሰውረው «ሁላችንም ደኅና ነን» ብለው መጻፍን ልማድ አደረጉ።

የዚህ ልማድ ጉዳት ውሎ አድሮ ይታያል። አንባቢው «ደኅና» የሚለውን ቃል መጠራጠር ይጀምራል። ደብዳቤ በደረሰው ቁጥር ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈውን ይፈልጋል። የአንዱ ስም ካልተነሣ «ምን ሆኖ ይሆን?» እያለ ይጨነቃል። ሊያጽናና የተጻፈው ቃል የሥጋት ምንጭ ይሆናል፤ ወዳጆቹም እየተጻጻፉ ይራራቃሉ።

ይህ ችግር ጎልቶ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሕዝቦች መለያየት ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች በኋላም ቢሆን የሁለቱ አገሮች ሰዎች በጋብቻ፣ በትምህርትና በሥራ የተሳሰሩ ነበሩ። በ1990 ዓ.ም. በሁለቱ መንግሥታት መካከል ጦርነት ተነሣ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከኖሩበት አገር ወጥተው ወደ ሌላው እንዲሄዱ ተገደዱ። የስልክ፣ የፖስታ፣ የየብስና የአየር ግንኙነት ተቋረጠ። የሰላም ውል ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ከተማ ቢፈረምም መንገዱ ሳይከፈት ኖረ። በአንድ ሰፈር ያደጉ፣ በአንድ ወንበር ተቀምጠው የተማሩ ጓደኛሞች ወሬ ለመለዋወጥ በሦስተኛ አገር የሚኖር ዘመድ መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በአሥመራ ተገናኙ። ሐምሌ 2 ቀንም የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ተፈራረሙ። በእነዚያው ቀናት የስልክ መስመር ተከፈተ፤ ሐምሌ 11 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ መንገደኞችን ወደ አሥመራ አደረሰ። ስልኩ በተከፈተ ጊዜ የወዳጃቸውን ቁጥር የማያውቁ ሰዎች እንኳ ያገኙትን ቁጥር እየደወሉ ከማያውቁት ሰው ጋር ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር። ቁጥሩን ያገኙት ግን ሌላ ፈተና ገጠማቸው። የሃያ ዓመት ደስታና የሃያ ዓመት ሐዘን በአንድ ጊዜ የሚነገርበት ሰዓት ደረሰ።

ከዚህ በታች የቀረበው ደብዳቤ ለትምህርቱ ምሳሌ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። ጸሓፊዋ በአዲስ አበባ፣ ተቀባይዋ በአሥመራ የሚኖሩ የቀድሞ ጎረቤታሞችና የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ናቸው።

አዲስ አበባ፣
ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እኅቴና ጓደኛዬ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺና ከቤተሰብሽ ጋር ይሁን። አንቺ እንደምን ነሽ? ባለቤትሽና ልጆችሽ እንደምን ናቸው? እትዬስ እንደምን አሉ? ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፤ ተሻላቸው ወይ? እኛ ቤት በር ላይ ኳስ እየመታ እማዬን ያስቆጣት የነበረው ወንድምሽ ዛሬ የልጆች አባት መሆኑን በስልክ ስትነግሪኝ ማመን አቃተኝ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር በጤናዬ ደኅና ነኝ።

በስልክ የተነጋገርነው ዐሥር ደቂቃ ነበር፤ ግማሹንም በለቅሶ ፈጀነው። ስለዚህ የቀረውን ልጻፍልሽ። በ1994 ዓ.ም. አገባሁ፤ ሦስት ልጆችም አሉኝ። የበኩር ልጄ ዘንድሮ ዐሥረኛ ክፍልን ጨረሰች። እኔና አንቺ ሒሳብ እንጠላ እንደ ነበር ስለ ነገርኋት፣ ውጤቷ ዝቅ ባለ ቁጥር ያንቺን ስም እየጠራች ታመካኛለች። ሰፈራችንን ብታዪው አታውቂውም። ሾልከን እንወጣበት የነበረው የቆሻሻ ማዶ መንገድ አስፋልት ሆኗል፤ የኮሽም አጥራችሁም ፈርሶ በብሎኬት ተተክቷል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብቻሽን እንዳታነቢው። ደብዳቤውን ይዘው የሚመጡት አጎቴ አስቀድመው እትዬንና ወንድምሽን ያነጋግራሉ። እነርሱ አጠገብሽ ሳይቀመጡ ፖስታውን እንዳይሰጡሽ አደራ ብያቸዋለሁ።

በስልክ «እማማስ እንዴት ናቸው?» ስትይኝ «ደኅና ናት» አልሁሽ። እማዬ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ስልኩን ስትዘጊ ከአጠገብሽ ማን እንዳለ አላወቅሁምና ልነግርሽ አልደፈርሁም። ብዙ አልተሠቃየችም፤ የተኛችው ሦስት ሳምንት ነው። እናንተ ስትሄዱ እኛ ቤት የቀረውን የትምህርት ቤት ሹራብሽን በሣጥኗ አኑራው ነበር። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ታሰጣውና «ስትመጣ ስጫት» ትለኝ ነበር። ይኸው ልኬልሻለሁ።

አልቅሰሽ ከወጣልሽ በኋላ መልስ ጻፊልኝ። የእናንተንም ቤት ነገር አትደብቂኝ። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ በየስሙ ንገሪኝ። የእትዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ልጆችሽንም አቅፈሽ ሳሚልኝ።

የማትረሳሽ የልጅነት ጓደኛሽ

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጸሓፊዋ ልማዱንም እውነቱንም ጠብቃለች። የጓደኛዋን ቤተሰብ በየተራ ጠይቃለች፤ የራሷንም ኑሮ በዝርዝር ነግራለች። የእናቷን ሞት አልሸሸገችም፤ ነገር ግን ጓደኛዋ ሐዘኑን ብቻዋን እንዳትቀበል ሰው አዘጋጅታለች። በስልክ «ደኅና ናት» ማለቷ የጊዜው ጭንቀት ያመጣው ነበር፤ ቃሉ በዚያው ሳይታረም ቢቀር ኖሮ ግን ጓደኛዋ ለሞተች እናት ሰላምታ ስትልክ ትኖር ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ የመርዶ ሥርዓት የታሰበው እውነቱን ለዘለዓለም ለመሰወር ሳይሆን ሐዘንተኛውን ለመደገፍ መሆኑን ነው።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የተከፈተ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ አይቆይም። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የተከፈቱት የኢትዮጵያና የኤርትራ የየብስ መተላለፊያዎች በዚያው ዓመት ውስጥ ተራ በተራ ተዘጉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አሥመራ የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ። መንገድ የሚከፍቱና የሚዘጉ መንግሥታት ናቸው፤ መንገዱ በተከፈተበት ሰዓት ወዳጅን መጠየቅ ግን የእያንዳንዱ ሰው ፈንታ ነው። «ነገ እጽፋለሁ» ተብሎ የተተወ ደብዳቤ ተቀባዩን ላያገኘው ይችላል።

ለ. የወዳጅነት ደብዳቤ ክፍሎች

1. ቦታና ቀን፦ በገጹ ራስጌ በስተቀኝ ይጻፋል።
2. መጥሪያና ሰላምታ፦ ተቀባዩ በሚገባው አክብሮት ይጠራል፤ ቤተሰቡም በየተራ ይጠየቃል።
3. ዋና ሐሳብ፦ ጸሓፊው ስለ ራሱና ስለ ቤተሰቡ የሚነግረው ነው። ቀላሉ ይቀድማል፤ ከባዱ በጥንቃቄ ይከተላል።
4. ስንብት፦ ለቤተሰብ ሰላምታ ይላካል፤ መልስም ይጠየቃል።
5. ስምና ፊርማ፦ በመጨረሻ ይሰፍራል።

ሐ. የቃላት ፍች

መርዶ፦ የሞት ወሬ
በጅምላ፦ ሳይለዩ በአንድነት
ተሳላሚ፦ ወደ ቅዱስ ቦታ ለጸሎት የሚጓዝ ሰው
የበኩር፦ መጀመሪያ የተወለደ
አመካኘ፦ ለጥፋቱ ሌላ ምክንያት ሰጠ
አደራ፦ በእምነት የሚሰጥ ኀላፊነት
ስንብት፦ የመለያያ ቃል

መ. ጥያቄዎች

1. «ጠየቀ» የሚለው ግስ ሁለት ፍችዎች ምንና ምን ናቸው? ለየፍችው አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
2. የመርዶ ሥርዓት ዓላማ ምንድን ነው?
3. «ሁላችንም ደኅና ነን» ብሎ ዘወትር መጻፍ የሚያስከትለው ጉዳት ምንድን ነው?
4. ጸሓፊዋ የእናቷን ሞት በስልክ ያልነገረችው ለምንድን ነው? በደብዳቤው ስትነግርስ ምን ጥንቃቄ አደረገች?
5. ሹራቡ ስለ ሟቿ እናት ጠባይ ምን ያስረዳል?

ሠ. የሰዋስው መልመጃ

በደብዳቤው ውስጥ ስለ ጓደኛዋ እናት «እንደምን አሉ?» ተብሏል፤ ስለ ጸሓፊዋ እናት ግን «ካረፈች» ተብሏል። አንዱ በአክብሮት፣ ሌላው በቅርበት የተነገረበትን ምክንያት አስረዱ። ቀጥሎም «አጎቴ ደብዳቤውን ይዘው መጡ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስለ ታናሽ ወንድም እንደሚነገር አድርጋችሁ ለውጡ።

ረ. የጽሑፍ መልመጃ

በአሥመራ የምትኖረው ጓደኛ የምትጽፈውን መልስ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጻፉ። አምስቱን የደብዳቤ ክፍሎች ጠብቁ። በሃያ ዓመት ውስጥ በቤቷ የሆነውን አንድ ደስታና አንድ ሐዘን በተገቢው ቅደም ተከተል ግለጹ።