ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፦ የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ ታሪክ ምን ያስተምረናል?

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር የማዕድን ደህንነት ትምህርት ላይ መምህራችን አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «የድንጋይ ከሰል ብናኝ ምንም ጋዝ በሌለበት ብቻውን ሊፈነዳ ይችላል?» እኔ ቶሎ ብዬ እጄን አወጣሁና «ይቃጠላል እንጂ አይፈነዳም» አልኩ። የመሰለኝን ነው የተናገርኩት። ከሰል እንኳን ሊፈነዳ፣ ለቡና ሲያያዝ ስንት ጊዜ ተራግቦ ነው የሚቀላው! መምህሩ አልሳቁብኝም። «ያንተን መልስ የመለሱ ትልልቅ መሐንዲሶች ነበሩ። መልሱ ስንት ሰው እንዳስከፈለ ፈልገህ ጻፍ» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ የቤት ሥራ ውጤት ነው። በውስጡም የአሜሪካ መንግሥት ለማዕድን ጥናት ያቋቋመውን ቢሮ ታሪክ ባጭሩ ለመዳሰስ እሞክራለሁ። ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢሮው እንዴት ተቋቋመ?

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ብዙ ባለሙያዎች በከሰል ማዕድን ውስጥ የሚፈነዳው ሚቴን የተባለው ጋዝ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጋዝ የሌለበት ጉድጓድ እንደ ደህና ይቆጠር ነበር። በ1906 በሰሜን ፈረንሳይ ኩሪየር በተባለ ቦታ የደረሰው ፍንዳታ 1,099 ሰዎችን ሲገድል ይህ እምነት ተናጋ። እሳቱን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ያዳረሰው የከሰል ብናኝ ነበርና።

በዓመቱ ተራው የአሜሪካ ሆነ። ታኅሣሥ 6 ቀን 1907 በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በሞኖንጋ ከተማ 362 ሠራተኞች አለቁ። በዚያው ወር በፔንሲልቬንያ ዳር በተባለ ማዕድን ሌሎች 239 ሞቱ። በዚያ አንድ ዓመት በአሜሪካ የከሰል ማዕድናት የሞቱት ሰዎች ቁጥር 3,242 ደርሷል። በ1909 ደግሞ በኢሊኖይ ግዛት በቼሪ ማዕድን፣ ለበቅሎዎች ቀለብ የገባ ድርቆሽ ከኬሮሲን ችቦ እሳት ተያይዞ 259 ሰው ጨረሰ። የአገሪቱ ምክር ቤት በግንቦት 1910 ሕግ አውጥቶ ቢሮውን ያቋቋመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሥራውን የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1910 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ጆሴፍ ሆልምስ ነበሩ። እንግዲህ የጽሑፌን ርእስ ከዚህ ነው የወሰድኩት።

ለማፈንዳት የተቆፈረ ማዕድን

ቢሮው ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ እኔን የገረመኝ በፒትስበርግ አቅራቢያ፣ ብሩስተን በተባለ ቦታ ያስቆፈረው የሙከራ ማዕድን ነው። ከሰል ለማውጣት አይደለም የተቆፈረው። ለማፈንዳት ነው! መንግሥት በገንዘቡ እውነተኛ ዋሻ ከፍቶ፣ ግድግዳው ላይ የከሰል ብናኝ አስቀምጦ፣ በመሣሪያ እየለካ ያፈነዳው ነበር። በ1911 ብዙ የማዕድን ሰዎች ተጋብዘው ፍንዳታውን በዓይናቸው እንዲያዩ ተደርጓል። ከዚያ በኋላ «ብናኝ አይፈነዳም» ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ሆነ።

ታዲያ እንዴት ነው የሚፈነዳው? ነገሩ የስፋት ጉዳይ ነው። አንድ ኩንታል ከሰል ተከምሮ ሲቀመጥ አየር የሚያገኘው ላይ ላዩን ብቻ ነው። ያው ከሰል እንደ በርበሬ ዱቄት ደቅቆ አየር ላይ ሲበተን ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ኦክስጅን ከብቧት ትቆማለች። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነዳል። የፍንዳታው ሂደት ሦስት ደረጃ አለው።

አንደኛ፣ ትንሽ መነሻ ይኖራል። ለምሳሌ አየሩ ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ሚቴን ተጠራቅሞ ብልጭታ ሲያገኝ ወይም ድማሚት ያለ አግባብ ሲተኮስ።

ሁለተኛ፣ የመነሻው የአየር ግፊት ወለሉና ግድግዳው ላይ ተኝቶ የነበረውን ብናኝ ያነሳዋል።

ሦስተኛ፣ ከኋላ የሚመጣው ነበልባል ያንን ብናኝ ያቀጣጥለዋል። አዲሱ ቃጠሎ አዲስ ግፊት ይፈጥርና ሌላ ብናኝ ያነሳል። እንዲህ እየተቀባበለ ብናኝ እስካገኘ ድረስ ይሄዳል። ነበልባሉ ያልደረሰባቸውን ሠራተኞች ደግሞ ከፍንዳታው በኋላ የሚሞላው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላቸዋል። የነፍስ አድን ቡድኖች ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው ይገቡ የነበረው ለዚህ ነው። ወፏ ከሰው ቀድማ ስትዝለፈለፍ እነሱ ይመለሳሉ።

መድኃኒቱ የሚያስገርም ያህል ቀላል ነው፦ የኖራ ድንጋይ ዱቄት። በእንግሊዝ ጋርፎርዝ የተባለ መሐንዲስ አስቀድሞ የድንጋይ ዱቄትን ሞክሮት ነበር። ብሩስተን ላይ ደግሞ በዋና መሐንዲሱ በጆርጅ ራይስ መሪነት «ስንት ቢደባለቅ ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ሙከራ ተጠና። የኖራው ዱቄት ከከሰሉ ጋር አብሮ ሲነሳ ሙቀቱን ይውጠዋል፤ ነበልባሉ ጉልበት አጥቶ ይቆማል። ከዚህ ጎን ለጎን ቢሮው ድማሚቶችን እየፈተነ ነበልባላቸው አጭርና ቀዝቀዝ ያለውን ብቻ «የተፈቀደ» በሚል ዝርዝር ያወጣ ነበር። ረጅም ነበልባል የሚተፋው ጥቁር ባሩድ ከዝርዝሩ ውጪ ነው።

የብረታ ብረቱ ዘርፍ

ቢሮው በሜታለርጂም በኩል ስም ያለው ነው። ለዚህ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሉክሰምበርጋዊው ዊልያም ክሮል የታይታኒየም ክሎራይድን በማግኒዥየም በመቀነስ ታይታኒየም ማምረት የሚቻልበትን ዘዴ አገሩ ሳለ አገኘ። በ1940 ጦርነቱን ሸሽቶ አሜሪካ ገባ፤ በ1945 በኦሪገን ግዛት አልባኒ ከተማ በሚገኘው የቢሮው ላቦራቶሪ ሥራ ጀመረ። እዚያ ያንኑ ዘዴ ለዚርኮኒየም አዋለው። ዚርኮኒየም ኒውትሮን እምብዛም ስለማይውጥና ዝገት ስለሚቋቋም ለኒውክሌር ማብለያ ተስማሚ ነው። ግን ኒውትሮን በጣም የሚውጠው ሃፍኒየም በተፈጥሮ አብሮት ስለሚገኝ መጀመሪያ መለየት አለበት። በ1954 ወደ ውኃ የገባችው የመጀመሪያዋ የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ናውቲለስ የዚህ ዓይነት ዚርኮኒየም ተጠቅማለች።

ዕውቀት ያለ ሥልጣን

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ምስጋና ነው። አሁን ወደሚያሳዝነው ልምጣ። የ1910ሩ ሕግ ለቢሮው ማዕድን የመቆጣጠር ሥልጣን በግልጽ ነፍጎታል። ማጥናት ይችላል፣ መምከር ይችላል፣ ማስገደድ ግን አይችልም። ኖራው ተፈትኖ ታውቋል፤ የማይነሰንስ ባለቤት ካለ ግን ቢሮው ምንም አያደርገውም። የቢሮው ተቆጣጣሪዎች ማዕድን ውስጥ ገብተው የማየት መብት እንኳ ያገኙት በ1941 ነው። ያኔም የማዘዝ ሥልጣን አልነበራቸውም። በ1952 የተወሰነ ሥልጣን ተሰጠ። ጠንከር ያለው ሕግ የወጣው በ1968 ፋርሚንግተን ላይ 78 ሠራተኞች ከሞቱ በኋላ፣ በ1969 ነው። ከ1910 እስከ 1969 ሲቆጠር 59 ዓመት! ቁጥጥሩ በ1973 ከቢሮው ተነጥሎ ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ምክንያቱም ምርትን የሚያበረታታና አጥፊን የሚቀጣ አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን አይመችም። በ1996 ደግሞ ቢሮው ራሱ በበጀት ቅነሳ ተዘጋ። የደህንነት ምርምሩ ወደ አገሪቱ የሙያ ደህንነትና ጤና ተቋም ተዛወረ።

ጥናቱ ግን ማለቅ አልነበረበትም። ለረጅም ጊዜ ሕጉ ንጹህ አየር በሚገባባቸው መተላለፊያዎች ከሚገኘው ብናኝ ቢያንስ 65 በመቶው የማይነድ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ይህ ቁጥር የተመሠረተው በ1920ዎቹ በነበረው የብናኝ ድቀት ላይ ነው። ዘመናዊ የመቁረጫ ማሽን ግን ከሰሉን ይበልጥ ያደቅቀዋል፤ የደቀቀ ደግሞ በቀላሉ ይፈነዳል። ተመራማሪዎቹ እንደገና ለክተው 80 በመቶ ያስፈልጋል አሉ። ጥናቱ ታትሞ አዲሱ ደንብ ከመውጣቱ በፊት ግን ሚያዝያ 5 ቀን 2010 በዌስት ቨርጂኒያ አፐር ቢግ ብራንች በተባለ ማዕድን 29 ሰዎች በከሰል ብናኝ ፍንዳታ ሞቱ። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት እዚያ ኖራው በበቂ አልተነሰነሰም ነበር። ይህ የሆነው ከሞኖንጋ 102 ዓመት በኋላ በዚያው ግዛት ውስጥ ነው። በመስከረም 2010 የ80 በመቶው ደንብ በአስቸኳይ ወጣ።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ምርምሩ ሰው አድኗል። በ1907 ከሦስት ሺህ በላይ የነበረው የከሰል ማዕድን የሟቾች ቁጥር በ2016 ወደ 8 ወርዷል። የሠራተኛው ቁጥር መቀነስና የማሽን መብዛት አስተዋጽኦ ቢያደርጉም፣ የኖራውን፣ የአየር ማናፈሻውንና የሕጉን ድርሻ ማንም አይክደውም። ነገር ግን አንድ ዕውቀት ከላቦራቶሪ ወጥቶ ጉድጓድ እስኪገባ ድረስ ማንንም እንደማያድን ከዚህ ታሪክ ተምሬያለሁ።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አገራችን እንደ ያዮና ደልቢ-ሞዬ ያሉ የከሰል ቦታዎች አሏት። ነገ ከመካከላችን አንዱ እንዲህ ያለ ቦታ ተመድቦ «ኖራው ዛሬ ይለፈን፣ ምርት ይቅደም» የሚል አለቃ ሊገጥመው ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠቅመው የፈተና ውጤቱ ሳይሆን «አይሆንም» የማለት ድፍረቱ ነው። በኖራው ላይ የወረቀት ውፍረት ያህል የከሰል ብናኝ ቢያርፍ እንኳ አደጋው ይመለሳልና፣ ሥራው አንድ ቀን ተሠርቶ የሚተው አይደለም።

መምህሬን መልሱን ፈልጌ አግኝቻለሁ። ኩሪየር፣ ሞኖንጋና አፐር ቢግ ብራንች ብቻ ሲደመሩ 1,490 ሰው ነው። ሁለተኛ እጄን ከማውጣቴ በፊት አስባለሁ።