የገና ሰሞን የማታ ገበያ፦ ለወረታ ባለሱቅ የሥራ ምክር

ወረታ ላይ የገና ገበያ ሁለት ዓይነት ደንበኛ አለው። አንደኛው ከፎገራ ሜዳ ቀበሌዎች በጠዋት የሚመጣው ገበሬ ነው። ሩዙን ወይም ከብቱን ሸጦ፣ ለበዓል የሚያስፈልገውን ገዛዝቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሁለተኛው ቀኑን በሥራ ላይ ውሎ ከ11 ሰዓት በኋላ የሚወጣው የከተማ ሰው ነው፦ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የደረቅ ወደቡ ሠራተኛ፣ ባለባጃጁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገደኛ፣ ወረታ ላይ ታጥፎ በደብረ ታቦር በኩል ለገና ወደ ላሊበላ የሚሄደው ተሳላሚም አለ።

ይህ ምክር ለሁለተኛው ደንበኛ ሱቃቸውን ከፍተው ለሚያመሹ ነው። ዋናው ቁም ነገር አንድ ነው፦ የማታ ገበያ የሚሠራው በቀን ነው። ዓይን የሚፈልገው ሥራ፣ ማለትም መመዘኑ፣ ዋጋ መጻፉ፣ ዕቃ መመርመሩና ዝርዝር ብር ማዘጋጀቱ ሳይመሽ ካለቀ፣ ምሽቱ ለመሸጥና በትክክል ለመቁጠር ብቻ ይቀራል።

1. ቀኑንና ሰዓቱን አረጋግጡ

ገና አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ይውላል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን በዓሉ ታኅሣሥ 28 ነው። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ ቀጣዩ 2020 ዓ.ም. ነው። ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ በአንድ ቀን ከተሳሳተ ዋናው ምሽት ያመልጠዋል።

ዋዜማውን እንደ ሌሎቹ ምሽቶች አትቁጠሩት። ገሚሱ ሰው ለማሕሌትና ለቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን ያድራል፤ ቤት የቀረውም ከዶሮው ጋር ያመሻል። ገበያው ቶሎ ስለሚበርድ በዋዜማው በጊዜ ከፍታችሁ በጊዜ ዝጉ። ለማምሸት የሚያዋጡት ከዋዜማው በፊት ያሉት ጥቂት ምሽቶች ናቸው።

ስለ ማምሻ ሰዓትና ባጃጅ ስለሚቆምበት ሰዓት የወጣ መመሪያ ካለ አስቀድማችሁ ከቀበሌ ጠይቁ። ባጃጅ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደንበኛ ጥቂት ነው፤ ሠራተኛችሁም ቤቱ የሚገባበት ያጣል።

2. የግዢውን ቅደም ተከተል ተከትላችሁ ዕቃ አስገቡ

የበዓል ግዢ ተራ አለው። ጠላ ጊዜ ስለሚፈልግ ጌሾና ብቅል ቀድመው ይፈለጋሉ። ቀጥሎ የልጆች ልብስና ጫማ፣ ከዚያ ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና፣ በርበሬና ቅመማ ቅመም ይመጣሉ። ዶሮ፣ ዕንቁላል፣ ቅቤና ሽንኩርት የመጨረሻዎቹ ናቸው። የፊት መደርደሪያችሁን በዚህ ተራ ቀያይሩት። ሁለት ቀን ሲቀረው ጌሾ ፊት ለፊት ተከምሮ ኮረሪማው ጓዳ ውስጥ ከሆነ ሽያጭ ታጣላችሁ።

የሚበላሸውንና የሚቆየውን ለይታችሁ ግዙ። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ስለሚጾም የቅቤና የዕንቁላል ፈላጊ በዓሉ ሲቃረብ ባንዴ ይበረክታል፤ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ባንዴ ይቀንሳል። ስለዚህ እነዚህን በሁለት ዙር አስመጡ። የመጀመሪያው ዙር እንዴት እንደሄደ አይታችሁ የሁለተኛውን መጠን ወስኑ።

ልብስ ግን ሌላ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ነውና ለገና ያልተሸጠ ልብስ ሌላ ገበያ ይጠብቀዋል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለባለሱቅም መመሪያ ነው። በዋዜማው ማታ ልብስ በኪሳራ ለመጨረስ አትቸኩሉ።

ሩዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚሰበሰብ ገና ሲደርስ ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ አለ፤ የቀኑ ገበያ መደርደሪያችሁን ሊያራቁተው ይችላል። ከጠዋቱ ጀምሮ ለምሽቱ ደንበኛ የሚሆነውን፣ በተለይ ቶሎ የሚያልቁትን የልጆች ጫማና ልብስ ቁጥሮች፣ ለብቻ አስቀምጡ።

3. በቀን መርምሩ፣ መዝኑ፣ ዋጋ ጻፉ

ቅቤ፣ በርበሬና ሽንኩርት ስትረከቡ በፀሐይ ብርሃን ይሁን። የቅቤውን ላይ ላዩን ብቻ አትዩ፤ ከመሀሉ ቆንጥራችሁ አሽትቱ፣ በጣታችሁ አሹት። አንገቱ ያልደረቀ ወይም ማጎንቆል የጀመረ ሽንኩርት ከሌላው ለዩ፤ አንዱ ሲበሰብስ ጆንያውን ያበላሻል።

ስኳር፣ ቡናና ቅመም በቀን በግማሽና በአንድ ኪሎ መዝናችሁ አሽጉ። ሚዛኑን ደልዳላ ቦታ አስቀምጡ፤ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን እዩ፣ ክብደቱ በታወቀ ነገርም ፈትኑት። ከገዢው በኩል መነበብ አለበት። ደንበኛ ማታ ሚዛኑ ካልታየው ኪሎውን ይጠራጠራል፤ ጥርጣሬው ደግሞ ከበዓሉ በኋላም ይቆያል።

ዋጋችሁን በግልጽ ለጥፉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት ያዛል። ለሥራውም ይጠቅማል፤ አምስት ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ለእያንዳንዱ ዋጋ መናገር ምሽቱን ይበላል።

4. ብርሃኑን አስተካክሉ

በዚህ ሰሞን ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ይጨልማል። ቢያንስ ሁለት ብርሃን ይኑራችሁ፦ አንዱ ከዕቃው በላይ፣ ሌላው ብር ከሚቆጠርበት ጠረጴዛ በላይ። መብራት ቢጠፋ የሚተካ በሶላር ወይም በባትሪ የሚሠራ ፋኖስ ቀን ላይ ሞልታችሁ እጃችሁ በሚደርስበት አስቀምጡ።

ልብስ የምትሸጡ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ወደ ቢጫ የሚያደላ አምፖል ቀለም ይቀይራል፤ ጥቁር ሰማያዊው ጥቁር ይመስላል፣ የነጠላው ጥለትም ቀን ከሚታየው ይለያል። ነጭ አምፖል አንድ ቦታ ስቀሉና ደንበኛው ልብሱን እዚያ ሥር እንዲያየው ጋብዙት። ቀለሙ ወይም ልኩ ካልሆነ እስከ መቼ እንደምትቀይሩለት ሲገዛ ንገሩት፤ ቀኑን ደረሰኙ ላይ ጻፉ።

ሻማ ጨርቅ ካለበት ሱቅ ውስጥ አታብሩ። ጀነሬተር ሁልጊዜ ከቤት ውጭ ይሁን። የታኅሣሥ ብርድ ያስቸግራል፤ ሆኖም በሩን ገርበብ አድርጎ ከሰል ማንደድ ሕይወት ያጠፋል። የከሰል ጭስ ባይታይም ይመርዛል። ጋቢ ደርቡ።

5. በጥሬ ብርም በስልክም ስትቀበሉ

ከባንክ መዝጊያ ሰዓት በፊት ሁለት ነገር ጨርሱ፦ የቀኑን ገቢ አስገቡ፣ የ10ና የ50 ብር ዝርዝር አውጡ። ማታ ሁሉም ባለ200 ብር ይዞ ይመጣል፤ ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ስትሮጡ ሱቁ ባዶውን ይቀራል።

ብር ስትቀበሉ መጠኑን ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ፦ «ሁለት መቶ ሰጥተውኛል»። መልሱን ቆጥራችሁ እስክትሰጡ ድረስ የተቀበላችሁትን ኖት ሳጥን ውስጥ አትክተቱ። «ሁለት መቶ ነበር የሰጠሁህ» የሚባለው ክርክር አብዛኛው በዚህ ይቀራል። ጥርጥር ያለበትን ኖት ወደ ብርሃን አንስታችሁ በወረቀቱ ውስጥ የሚታየውን ምስልና የደኅንነት ክሩን እዩ፤ ከምታውቁት ኖት ጋር አስተያዩት።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ደንበኛ በስልክ ይከፍላል። ደንቡ አጭር ነው፦ የደንበኛው ስልክ ላይ የሚታየው ምስል ማስረጃ አይሆንም። ዕቃውን የምትሰጡት በራሳችሁ ስልክ ከ127 መልእክት ሲደርሳችሁና ሒሳባችሁ መጨመሩን ስታዩ ነው። ከግለሰብ ቁጥር የመጣ መልእክት፣ ጽሑፉ ምንም ቢመስል፣ ክፍያ አይደለም። በባንክ ለሚያስተላልፉም ያው ነው።

ኔትወርክ ከጠፋ ዕቃውን ስም ጽፋችሁ ለይታችሁ አቆዩ፤ ወይም በጥሬ ብር ተቀበሉ። የምታውቁት ደንበኛ ቢሆን እንኳ ሰጥታችሁ ከሆነ እንደ ዱቤ መዝግቡት።

6. ዱቤ በደብተር ብቻ

በበዓል ሰሞን ዱቤ መከልከል ጎረቤትን ማስቀየም ነው፤ ያለ ወሰን መስጠት ደግሞ ሱቁን መዝጋት ነው። ሰሞኑ ሳይገባ ጠቅላላ የምትሰጡትን የዱቤ መጠን ወስኑ። ሲሞላ «ለዘንድሮ ሞልቷል» ማለት ይቀላል፤ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ማንም አይከፋበትም።

ስትሰጡ ስሙን፣ ዕቃውን፣ ገንዘቡን፣ የሚከፈልበትን ቀን ጽፋችሁ አስፈርሙ። የመክፈያው ቀን ከደመወዝ ወይም ከዕቁብ ጋር ይገጣጠም። «ከበዓል በኋላ» የሚባል ቀን የለም።

7. ረዳት ሠራተኛ ስትይዙ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው 1.75፣ በሕዝብ በዓል ቀን የሚሠራው 2.5 እጥፍ ይከፈላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በትርፍ ሰዓትም ሆነ በሌሊት ማሠራት ክልክል ነው።

ሥራውን ከፋፍሉ፤ አንዱ ዕቃ ያውርድ፣ አንዱ ብር ይቀበል። ብር የሚቀበለው ሰው ምሽቱን ሙሉ አይቀያየር፤ ሒሳብ ቢጎድል ከየት እንደጎደለ የሚታወቀው እንዲህ ሲሆን ነው። እራት ተራ በተራ ብሉ። የደከመና የራበው ሰው መልስ ይሳሳታል።

8. አዘጋግ

ለመዝጋት ግማሽ ሰዓት ሲቀር ውጭ የተዘረጋውን ዕቃ አስገቡ። የመጨረሻውን ደንበኛ ሸኝታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ብር ቁጠሩ፤ በሩ ክፍት ሆኖ አትቁጠሩ። ድምሩን ከሽያጭ ማስታወሻችሁ ጋር አመሳክሩና ልዩነት ካለ ያንኑ ማታ ጻፉት።

ብር ይዛችሁ ብቻችሁን አትግቡ። ከጎረቤት ባለሱቆች ጋር አንድ የመዝጊያ ሰዓት ተስማሙና አብራችሁ ዝጉ። ይህ ስምምነት ገበያውንም ይጠቅማል፤ አንድ መስመር ሙሉ በሙሉ በርቶ ሲያመሽ ገዢው ሱቅ ይከፈት አይከፈት ሳይጠራጠር ይመጣል።

9. ከበዓሉ ማግስት

ጥምቀት ሳይደርስ አንድ ገጽ ጻፉ፦ በየትኛው ምሽት፣ በስንት ሰዓት ሽያጭ በዛ? ምን ቶሎ አለቀ? ምን ተረፈ? ደንበኛ ጠይቆ ያላገኘው ምንድን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ በሽያጭ ደብተር ውስጥ አይገኝምና። የምትጽፉት በምሽቱ ላይ ነው፦ ደንበኛ «አለ?» ብሎ ጠይቆ በሄደ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ባለ ወረቀት አንድ ቃል አስፍሩ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቃ ማዘዣችሁ ከዚያ ወረቀት ይጀምራል።